አቧራ፣ ሙቀት፣ ሴራሚክ

(የስኒና የከሰል ምድጃ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ዛሬ ወደ ዴም እወስዳችኋለሁ። ለማታውቁት፣ ዴም ካርቱም ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። እኛ ሐበሾች እንጀራ የጋገርንበት፣ ሰርግ የደገስንበት፣ ለቅሶ የተቀመጥንበት ቦታ ነው። ዓርብ በሱዳን የእረፍት ቀን ስለሆነ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከየአቅጣጫው ይመጡና መንገዱ ሁሉ አማርኛና ትግርኛ ይሆን ነበር። ያን ቀን ከሽሮውና ከቡናው ቀጥሎ ገበያው የሚደራው የስልክ ነበር። ካርድ የሚሞላ ነበር፣ ስክሪን የሚያስቀይር ነበር፣ ከእናቱ ጋር በኢሞ እየተያየ መንገድ ዳር የሚያለቅስም ነበር።

የዛሬው ርዕሳችን ለአዲስ ስልክ የሚገዛ ከቨር ነው። «ለከቨር ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ናት።

ሁላችንም «እታለም» እያልን ነበር የምንጠራት። እቁብ ሲደርሳት አዲስ ስልክ ገዛች፤ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ከካርቶን የወጣ ስልክ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁሉ የሰው እጅ የለመዱ ነበሩ። ስልኩን እንደያዘች፣ በሰሌዳ ላይ ከቨር ሰቅሎ ወደሚሸጥ አንድ የሰፈር ልጅ ዘንድ ሄድን። ልጁ ካለው ሁሉ ወፍራሙን አወረደ። ውስጡ ጎማ፣ ውጭው ደረቅ ፕላስቲክ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ መደገፊያ ቀለበት ያለው ነው።

«እታለም፣ ይኼን ውሰጂ። የወታደር ነው። ከፎቅ ብትጥይው አይሰበርም» አላት።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ፎቅ የት አለኝ?» አለችው።

ሳቅን፣ ከፈለች፣ ወሰደች። የተናገረችው ግን ቁም ነገር ነበር፤ ያኔ አንዳችንም አላስተዋልነውም። ከሦስት ወር በኋላ ስልኩ እንደ ምጣድ እየጋለ፣ ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ እያለቀ አመጣችልኝ። አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም። ከቨሩን ስንፈለቅቀው ውስጡ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አቧራ ሞልቶታል፤ የስልኩ ጀርባ በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ይመስላል።

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው። ስልክ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ካርቱም ላይ ግን ሦስቱ ይበረቱበታል፦ ውድቀት፣ አቧራና ሙቀት። ከቨር አንዱን ሲከለክል ለሌላው በር ይከፍታል። ሦስቱንም እኩል የሚያቆም ከቨር እኔ አላየሁም። ስለዚህ ሰሌዳው ፊት ስትቆሙ ቀለሙን ከመጠየቃችሁ በፊት «እኔን የሚያሰጋኝ የትኛው ነው?» በሉ።

ከውድቀት እንጀምር። ስልክ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ፣ ማለትም ቆማችሁ ከኪሳችሁ ስታወጡ ሲያመልጣችሁ፣ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ብቻውን ምንም አያደርገውም። ስልኩን የሚሰብረው በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደቆመ ነው። ከግንብ ላይ ስትዘሉ አሸዋ ላይ ማረፍና ሲሚንቶ ላይ ማረፍ አንድ አይደለም፤ አሸዋው ይሰምጥላችኋል፣ ጉልበታችሁም ይታጠፋል። 200 ግራም የሚመዝን ስልክ ሴራሚክ ላይ በማዕዘኑ ወድቆ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቀጥ ካለ፣ በዚያች ቅጽበት ማዕዘኑን የሚያገኘው ጫና በአማካይ 200 ኪሎ ግራም እንደተጫነበት ያህል ነው። ጎማው ተጨፍልቆ በ4 ሚሊ ሜትር ውስጥ እንዲቆም ካደረገው ጫናው ወደ 50 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ከቨር የሚሠራው ሥራ በሙሉ ይኸው ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር መግዛት። ለዚህ ነው ጠንካራ የሚመስለው ደረቅ ፕላስቲክ ብቻውን ብዙም የማይረዳው። ፖሊካርቦኔት ይባላል፤ የድሮው የዘፈን ሲዲ የተሠራበት ማለት ነው። ጭረትን ይከለክላል፤ ግን አይጨፈለቅምና ምቱን ወደ ስልኩ ያሳልፋል። ተጨፍልቆ የሚመለሰው ጎማ ነክ የሆነው ነው፤ እሱንም ቢሆን ማዕዘኑን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ትንሽ እሺ የሚል መሆን አለበት።

ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በማዕዘኑ ነው። በጠፍጣፋው ሲወድቅ ምቱ ተበታትኖ ያርፋል፤ በማዕዘኑ ሲወድቅ ሁሉም አንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ ስንጥቁም ከዚያ ተነሥቶ መስታወቱን ያካልላል። አንዳንድ ከቨሮች አራቱ ማዕዘኖቻቸው አበጥ ብለው ውስጣቸው አየር የያዘ ነው። መልካቸው አያምርም። ልጃገረዶቹ ሲጠሏቸው አይቻለሁ። ለሚወድቅ ስልክ ግን ከእነሱ የሚሻል የለም።

አሁን ወደ እታለም ጥያቄ እንመለስ፤ ፎቅ የት አለኝ ወዳለችው። እሷ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ባንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ባንበር የሱዳን በርጩማ ነው፤ ዝቅ ያለ። ስልኳ ቢወድቅ ከጭኗ ይወድቃል፤ ቢበዛ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ያውም አሸዋ ላይ። ለእሷ ውድቀት ሦስተኛው ጠላት ነው። ሴራሚክ በተነጠፈበት ቤት ደረጃ እየወጣች እየወረደች የምትሠራ እህት ግን ዋና ጠላቷ ውድቀት ነው፤ ስልኩን በቀሚስ ኪስ ይዛ ወለል ለመወልወል ጎንበስ ትላለች፣ እሱም ተንሸራቶ ይወጣል። ወፍራሙ ከቨር የሚገባው ለእሷ ነበር። ራክሻ ለሚነዳ ልጅም እንዲሁ። ራክሻ ያልሁት አዲስ አበባ ባጃጅ የምትሉትን ነው።

ልጁ «የወታደር ነው» ማለቱም ዝም ብሎ አልነበረም፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፎለታል። የአሜሪካ ጦር ዕቃውን የሚፈትንበት ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባል የሙከራ ደንብ አለ። እዚያ ውስጥ ያለው የመጣል ሙከራ ዕቃውን ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ በፊቱም በጠርዙም በማዕዘኑም፣ 26 ጊዜ መጣል ነው። ጥሩ ሙከራ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚጣለው ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ወፍራም የጣውላ ንጣፍ ላይ ነው እንጂ ሴራሚክ ላይ አይደለም። 26ቱን ውድቀት እስከ አምስት ለሚደርሱ ዕቃዎች ማከፋፈልም ይፈቀዳል። ሁለተኛ፣ ጦሩ «ይኼ ከቨር አልፏል» ብሎ ማኅተም አይመታም፤ አምራቹ ራሱ ፈትኖ ራሱ ይጽፋል። ሳይፈትን የሚጽፍም አይጠፋም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሁለተኛው ጠላት፣ ወደ አቧራ እንለፍ። ሀቡብ የሚባለውን የአቧራ ማዕበል ያየ ሰው አይረሳውም። ቀዩ ግድግዳ ከአድማስ ተነሥቶ ይመጣል፤ እናቶች የተሰጣ ልብስ ለማንሣት ይሮጣሉ፤ ከዚያ ቀኑ ይጨልማል። በር ብትዘጉ፣ መስኮት በጨርቅ ብትደፍኑ፣ በማግስቱ አቧራው ጥርሳችሁ መሐል ይንቀጫቀጫል። ጥርስ መሐል የገባ አቧራ በስልክና በከቨር መሐል የማይገባበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ የድንጋይ ትምህርት ያስፈልገናል። ፍሪድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ በ1812 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማዕድናትን «ማን ማንን ይጭራል» ብሎ ከ1 እስከ 10 በደረጃ አሰለፋቸው። አልማዝ 10 ነው። የአሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ 7 ነው። ተራ መስታወት 5 ተኩል፣ የስልክ መስታወት ቢበዛ 6 ገደማ ነው። ስለዚህ በረሃው የሚልከው አሸዋ የስልካችሁን ፊት ይጭራል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ አይጭረውም። ሰው ቁልፉን ከስልኩ ሲለይ ይውልና ማታ አቧራ የተሞላውን ስክሪን በነጠላው ጫፍ እሽት እሽት ያደርገዋል። ከሀቡብ በኋላ ስልክ አይታሽም። መጀመሪያ ይራገፋል፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ በመጨረሻ ነው በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ የሚወለወለው። የቻርጀሩን ቀዳዳ በአፍ አትንፉት፤ ከትንፋሻችሁ ጋር እርጥበት ይገባል።

መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ግላስ ካርቶኑ «9ኤች» ይላል፤ ሻጮችም «ከአልማዝ አንድ ይቀረዋል» ይላሉ። ስህተት ነው። ያ ዘጠኝ የእርሳስ ዘጠኝ ነው፤ የቀለም ባለሙያዎች በጠንካራ እርሳስ እየጫሩ የሚለኩበት ሌላ መለኪያ ነው። ከሞስ ጋር ዝምድና የለውም። ግላሱን ግን ግዙ፤ ጥቅሙ በስክሪኑ ፈንታ እሱ መጫሩና እሱ መሰበሩ ነው፣ ዋጋውም ከስክሪን ጋር አይወዳደርም።

ጠበቅ ብሎ የሚገጥም ቀጭን ከቨር አቧራ ያስገባል፤ ግን ጥቂት ነው፣ አውልቆ ማጠብም ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ድርብ ያለው ወፍራሙ ከቨር ግን በየድርቡ አቧራ ያከማቻል፤ ሰውም ማውለቁ ስለሚያታክተው አያወልቀውም። የእታለም ስልክ ጀርባ የተፈተገው በዚህ ነው። ከቨሩ ሲንቀሳቀስ አሸዋው ይፈጫል፤ ወፍጮ ማለት ነው። ሲሊኮን የሚባለው ለስላሳው ዓይነት ደግሞ እጅ ላይ ደስ ቢልም የኪስ ብናኝና አቧራ እንደ ማግኔት ይስባል። የትኛውንም ብትገዙ በሳምንት አንድ ቀን አውልቁት፤ ከቨሩን በሳሙና ውኃ እጠቡ፣ ውኃው ጠፈፍ ብሎ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት። ግልጹ ላስቲክ በጊዜ ብዛት ቢጫ ቢሆን ቆሻሻ አይደለም፤ ፀሐይና ሙቀት ያመጡት የላስቲኩ የራሱ ለውጥ ነው፣ ብታሹት ብትፈትጉት አይመለስም። ዴም ላይ በአንድ በጋ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል።

ሦስተኛው ጠላት ሙቀት ነው፤ በእኔ ግምት ካርቱም ላይ የበኩሩን ቦታ የያዘው እሱ ነው፣ የሚናቀውም እሱ ነው። ምክንያቱም ውድቀት ድምፅ አለው፤ ሙቀት ባትሪን የሚገድለው በዝምታ ነው። የአይፎን አምራች አፕል ስልኬን ተጠቀሙበት የሚለው የአካባቢው አየር ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ነው። ግንቦት ላይ ካርቱም ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ዜና እንኳ አይሆንም። እንግዲህ ስልኩ ገና ሳይከፈት አየሩ ከተባለው በላይ ነው። ሊቲየም ባትሪ በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ከውስጥም ይሞቃል። በዚያ ላይ ወፍራም ጎማ ስታለብሱት በግንቦት ቀትር ጋቢ ደራርባችሁ እንዳስተኛችሁት ቁጠሩት።

ስለዚህ ቀን ላይ ቻርጅ ስታደርጉ ከቨሩን አውልቁ፤ ፈጣን ቻርጀር ከሆነ በተለይ። ማታ ሆሽ ውስጥ፣ ማለትም ግቢው ውስጥ አንገሬብ የሚባለውን የገመድ አልጋ ዘርግተው የሚያድሩ ሰዎች ስልኩን ቻርጅ ላይ እንዳለ ትራስ ሥር ይከቱታል፤ ሌባ እንዳይወስደው ነው፣ ይገባኛል። ግን ትራስ ከሁሉም ከቨር የከፋ ከቨር ነው። በፀሐይ ለሚሠራ ሰው ጥቁር ከቨር አይመከርም። እታለም ስልኳን የምታስቀምጠው ከምድጃው ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ነበር፤ የከሰሉን ሙቀት ጎማው ይጠጣል፣ ጠጥቶም አይለቅም።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዛሬው ዝግጅት አንዱን ብቻ ያዙ ብባል የማስይዛችሁ ይኼን ነው። ባትሪ ሲበላሽ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ አደገኛ ነው፤ ሊቃጠል ይችላል። ወፍራም ከቨር ይህን እብጠት ይደብቀዋል፤ ጀርባው ተነሥቶ እንኳ ከውጭ ምንም አይታይም። በወር አንድ ጊዜ ስልኩን ከከቨሩ አውጥታችሁ ቀጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙትና በጣት ጫን ጫን አድርጉት። የካሜራው ጉብታ ከሚያመጣው ውጭ እንደ ጀልባ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም የስክሪኑ ጠርዝ ብድግ ካለ፣ ቻርጅ ማድረግ አቁሙና ለጠጋኝ አሳዩ። ራሳችሁ እንዳትወጉት።

የብረት ከቨርም ሰው ይወዳል። ብረት ሞገድ ይጋርዳል። የስልክ ኔትወርኮቹ ዘይንም ሱዳኒም አንድ መስመር ብቻ በሚያሳዩበት ጓዳ ውስጥ ብረት ማልበስ ስልኩን ጮክ ብለህ ተናገር ማለት ነው፤ ስልኩ የማሠራጫ ኃይሉን ይጨምራል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ይሞቃል። ከቨር ሞገድን ያዳነበት አጋጣሚም ግን አለ። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አይፎን 4 ሲወጣ፣ በእጅ ሲያዝ ሞገድ ይቀንሳል የሚል አቤቱታ በዛና አፕል ለገዢዎቹ የጠርዝ ጎማ በነፃ አደለ። ጎማው እጅን ከአንቴናው ይለያል፤ መፍትሔው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቨር ትርፍ ጌጥ ነው ሲሉ ሰምቼ ዝም አልልም።

ጌጥ ካልን፣ ውስጡ ፈሳሽና ብልጭልጭ ያለበትን ለልጆቻችሁ አትግዙ። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ከ260 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ከቨሮች ከገበያ ተሰብስበዋል፤ ፈሳሹ ሲፈስ ቆዳ አቃጥሎ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንደ ቦርሳ የሚታጠፈው፣ ገንዘብና መታወቂያ የሚይዘው ከቨር ዴም ላይ በጣም ይሸጥ ነበር። ፊቱን ይሸፍናል፤ ለአቧራ ጥሩ ነው። እኔ ግን ለስደተኛ አልመክረውም። ኢቃማውም፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ብሩም፣ ስልኩም አንድ ላይ ይሆናሉ። ሞተር ላይ ሆነው ስልክ ነጥቀው የሚሮጡትን ሱዳኖች «ቲስዓ ጠዊላ» ይሏቸው ነበር፣ «ዘጠኝ ረጅም» እንደማለት ነው። እነሱ አንድ ጊዜ ሲነጥቁ ሰውየው መኖሪያ ፈቃዱንም ያጣል፤ ከዚያ የፖሊስ ፍተሻ አለ። ለእነሱ ዓይን የማይገባ ደብዘዝ ያለ ከቨር ይሻላል፤ ማሰሪያ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ደግሞ እጅ ላይ ይታሰራል።

ከስርቆት የባሰም መጣ፤ የሱዳኑ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ቀዳም ስዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ዶሮ የገዛ ዶሮውን ሳያርድ ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በገዳሪፍ በኩል ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባትና መተማ የወጡ ሰዎች ብዙዎቹ ይዘውት የወጡት ትልቁ ንብረት ስልክ ነው። ባንክ ሲዘጋ ገንዘቡ ባንካክ በሚባለው የስልክ ባንክ መተግበሪያ ውስጥ ነበር፤ የዘመድ ቁጥር፣ የልጅ ፎቶ፣ የሰነድ ኮፒ ሁሉ እዚያው ነው። ሰው ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ነበር የሚጓዘው። እንዲያ ያለ ቀን ቀጭን ከቨር ያለው ስልክ ይደበቃል፤ መደገፊያ ቀለበት ያለው አይደበቅም። ይህን ማንም ሰሌዳ ፊት ቆሞ አያስብም፤ እንዲያስብም አልልም።

ከቨር ስትገዙ ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው አልብሱትና በግንባሩ ጠረጴዛ ላይ ድፉት፤ ወረቀት በስክሪኑ ሥር ሳይነካ ካለፈ የከቨሩ ከንፈር ከመስታወቱ ከፍ ይላል ማለት ነው፤ ካላለፈ ተዉት። በካሜራው በኩልም እንዲሁ አድርጉ። የድምፁንና የመክፈቻውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ፣ ጨለማ ጥግ ፈልጋችሁ በፍላሽ ፎቶ አንሡ። ፎቶው ጉም ከለበሰ የከቨሩ ጠርዝ ብርሃኑን እየመለሰው ነው። ግላሱን ከከቨሩ ጋር አንድ ላይ ግዙ፤ አለዚያ የከቨሩ ጠርዝ ግላሱን ከሥሩ ፈንቅሎ ያነሣዋል። ብዙ የቴክኖ ስልኮች ደግሞ ካርቶናቸው ውስጥ ግልጽ ከቨር አብሯቸው ይመጣል፤ ለመጀመሪያው ወር እሱ ይበቃል፣ አትቸኩሉ።

የስልኩን ሙሉ ስም ማወቅም ያስፈልጋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱ። የአንድ ስልክ 4ጂና 5ጂ ስማቸው አንድ ሆኖ የካሜራ ቦታቸው ሊለያይ ይችላል። ይህን የተማርነው ከእታለም ነው። በኋላ ከንፈሩ ከፍ ያለ፣ ቀጭን ነጣ ያለ ከቨር ገዛች፤ በየዓርቡ ከስኒዎቿ ጋር ታጥበዋለች። ወፍራሙን ግን መጣል አልሆነላትም። ራክሻ ለሚነዳው ለእህቷ ልጅ ሰጠችው።

«ስልክህ የኔው ዓይነት አይደል?»

«አዎ እታለም፣ ስሙ አንድ ነው።»

ስሙ አንድ ነበር፤ የካሜራው ቀዳዳ ግን ግማሹን ሸፈነው። ልጁ ምን ገዶት፣ በእሷው ምድጃ ላይ ቢላ አግሎ፣ ጎማው እየሸተተ፣ ቀዳዳውን ቢላው እስከፈቀደ ድረስ አሰፋው። አንዲት ጫፍ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እሱ ያነሣው ፎቶ ሁሉ ቀኝ ጥጉ ላይ ጥቁር ጨረቃ ይወጣበታል። ከዚያ የእታለም ቡና ቦታ እኔ ዘንድ የቀረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እታለም ባንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ጀበናው ከፊቷ አለ፣ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። ጨረቃዋም ጥጉ ላይ አለች።

(የስኒ ድምፅ)